የጸሐፊ ስሕተትና የባለቤት ጭማሪ

በአገራችን የመጽሐፍ አርትዖት ዋጋ የሚቆረጠው በገጽ ነው። ደራሲው ይደውላል፤ ሰላምታው እንዳለቀ «በገጽ ስንት ታርሚያለሽ?» ይላል፤ ዋጋ ይጠራል፣ ትንሽ ይወርዳል፣ ስምምነት ይሆናል። ገጽ ማለት ስንት እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። እኔ እጠይቃለሁ። ገጽ እንደ ባለቤቱ ፍላጎት ይሰፋል፣ ይጠብባልም። በኤ ፎር ወረቀት፣ በ12 የፊደል መጠን፣ በመስመሮቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ተትቶ ሦስት መቶ ገጽ የሆነ ረቂቅ፣ ፊደሉ ወደ 9 ወርዶ፣ መስመሩ ተጠጋግቶ፣ ኅዳጉ ወደ ዳር ተገፍቶ ሲላክ ከግማሽ በታች ይሆናል። ከሚታረመው ቃል አንድም አልጎደለም። የአርታኢዋ ዓይን ግን ይብሱን ይደክማል፤ ክፍያዋም ከግማሽ በታች ይወርዳል።

በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ይህን ክርክር በምልክት ቁጥር ዘግተውታል። በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ሳይቀር ተቆጥሮ 1,800 ምልክት አንድ ገጽ ይባላል፤ አርታኢውም ተርጓሚውም በዚያው ይከፈለዋል። ይህን ቁጥር እንዳለ ለአማርኛ ማዋል ግን አርታኢውን ይጎዳል። የእኛ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ በላቲን 1,800 ምልክት የሚፈጀው ሐሳብ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ በጣም ባነሰ ምልክት ያልቃል። ስለዚህ በኔ ውል ውስጥ አንድ ገጽ ማለት 1,200 ምልክት ነው። ይህች አንቀጽ ከብዙ ጭቅጭቅ አውጥታኛለች። አሳታሚዎች ዘንድ እምብዛም አታከራክርም፤ ጋይንት ላይ ግን ሽማግሌ ፊት ቀርባ ነው የጸደቀችው።

ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በነበረበት ዘመን አርታኢ ደመወዝተኛ ነበር። ረቂቁ ለድርጅቱ ይገባል፤ አርታኢው ቢሮው ቁጭ ብሎ ከደራሲው ጋር መስመር በመስመር ይከራከራል፤ የወር ደመወዙ ግን ከደራሲው ኪስ አይወጣም። አማረ ማሞን የመሰሉ አርታኢዎች ስማቸው የተጠራው በዚያ ወንበር ላይ ነው። ዛሬ ብዙው የአማርኛ መጽሐፍ የሚታተመው በደራሲው ገንዘብ ነው። ደራሲው ለወረቀቱ፣ ለሽፋኑ፣ ለማተሚያ ቤቱ ተበድሮ ነው የሚመጣው፤ አርታኢ ትዝ የሚለው ደግሞ ብሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ያን ጊዜ ዋጋ ሲነገረው ቢከፋው አልፈርድበትም። እኔም ግን የምኖረው በዚሁ ሥራ ነው፤ ከማንም ጋር ስዋዋል ይህን ሳላፍር መናገርን እንደ ሙያዬ አካል አድርጌ ይዤዋለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው ከታች ጋይንት የተደወለልኝ። ደዋዩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አርብ ገበያ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ እየተዘዋወሩ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በየደረሱበት የሰሙትን የትውልድ ሐረግ፣ የቦታ ስም፣ የ77ቱን ድርቅ ታሪክ በደብተር እየያዙ ቆይተዋል። መጽሐፋቸው ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን አንድ ላይ የያዘ ነው።

«የእስቴ ልጅ ነሽ አሉ» አሉኝ፣ ገና ስማቸውን ሳይነግሩኝ።

«አዎ ጋሼ፣ መካነ ኢየሱስ ነው የተወለድኩት።»

«እንግዲያማ ምን ውል ያስፈልገናል? የማይተማመን ባልንጀራ በየወንዙ ይማማላል። እኛ ያንድ አገር ሰዎች ነን።»

«ጋሼ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?»

ትንሽ ዝም አሉ። «እሱን እንኳ ለተማሪዎቼ ስነግር ነው የኖርኩት» አሉና ሳቁ። ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። ብሩ የሳቸው ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን ያለው ትልቁ ልጃቸው አዋጥቷል፤ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች አዋጥተዋል፤ የስማዳና የእስቴ ወገኖችም «ታሪካችን ይግባበት» ብለው የአቅማቸውን ሰጥተዋል። ያዋጣ ሁሉ ብሩ ምን ላይ እንደሚውል ማወቅ ይፈልጋል። «ስለዚህ ነይና አገር ባለበት እንነጋገር» አሉኝ።

ረቂቁ ቀድሞ ደርሶኝ ነበር። ግማሹ በባለ 50 ሉክ ደብተሮች በእጅ የተጻፈ ነው፤ ግማሹ በፍላሽ የመጣ። የፍላሹ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ስለሆነ በኔ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ታየ። ወደ ዩኒኮድ ሲገለበጥም አንዳንዱ ፊደል ሌላ ሆኖ ይወጣል፤ ከወረቀቱ ጋር እያስተያዩ መመለስ ያስፈልጋል። ደብተሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንዱን ገጽ ልንገራችሁ። በዚያ ገጽ ላይ አንድ ፊታውራሪ መጀመሪያ ኃይሉ ተብለዋል፤ አራት መስመር ወረድ ብሎ ሀይሉ፤ ግርጌው ላይ ሐይሉ። ሌላ መጽሐፍ ቢሆን አንባቢ አልፎት ይሄዳል። በትውልድ ሐረግ መጽሐፍ ውስጥ ግን ሦስት አያት ሆኑ ማለት ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ መጽሐፉን ይዞ ሲቆጥር ከማን እንደሚወለድ ይጠፋበታል። ይህን ሁሉ ሥራ ዋጋ ለመቁረጥ ረቂቁን አስቀድሞ ማየት የግድ ነው። ናሙና ሳላይ ዋጋ አልናገርም፤ ይህም በውሌ ውስጥ አለ።

ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ከባሕር ዳር በወረታ ደብረ ታቦር ገባሁ፤ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ በቅጥቅጥ ተሳፍሬ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ወደ ንፋስ መውጫ ጉዞ ሆነ። ክምር ድንጋይን አልፈን በጉና ትከሻ ላይ ስንሄድ ባሊስትራው ተሰበረ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆም ተራራ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚያ ነው፤ በጥር ወር ጭጋጉ ከቀትር በኋላ ሲወርድ ሹራብ ያልያዘ ሰው ይቀጣል። ረዳቱ ሌላ ባሊስትራ ፍለጋ በአይሱዙ ተሳፍሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሹፌሩ እንድንታገሥ ለመነን። ተሳፋሪው በየገብሱ ማሳ ዳር ተበተነ።

አጠገቤ ተቀምጠው የመጡት መሪጌታ ነበሩ። በጉልበታቸው ላይ ማኅደሩ የጠቆረ ትልቅ መጽሐፍ ይዘዋል፤ መንገዱን ሁሉ አንዴም መሬት አላስነኩትም።

«ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«መጽሐፍ አርማለሁ፣ የኔታ።»

ፊታቸው በራ። «እኔም ለእርማት ነው የምሄደው» አሉ። የያዙት ድጓ ነው። ከቤተልሔም ተምሮ ለተመለሰ ደቀ መዝሙራቸው የተጻፈ፤ ከመምህራኑ ዘንድ ካለው ጋር ሊያስተያዩት ወደዚያ መሄዳቸው ነበር።

ይህን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል፤ ጋይንት ላይ ቆሞ ስለ እርማት እያወሩ ቤተልሔምን ማለፍ አይቻልም። ድጓ የተማረ ሰው ቤተልሔም ወጥቶ ካልተመሰከረለት መምህር ነኝ ብሎ ወንበር አይዘረጋም። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ እንደሚወጣ ሁሉ ለድጓ ምስክሩ ቤተልሔም ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩት በትውፊት ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ በድጓ ላይ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ከጽሑፉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚሰፈረው ምልክትም ይታረማል። ፊደሉ ትክክል ሆኖ ምልክቱ ከተዘለለ ዜማው ይሰበራል። እኛ ዛሬ አርትዖት የምንለው ሥራ በዚህ ምድር ላይ ከማተሚያ መሣሪያ በፊት ወግና ማዕርግ ነበረው። ይህን ሳስብ ሙያዬን ከውጭ የመጣ አድርገው ለሚያዩት ሰዎች መልስ ያለኝ ይመስለኛል።

መሪጌታ ማኅደሩን ፈትተው አንድ ቅጠል ገለጡልኝ። ብራናው ጥሩ ሆኖ ተዳምጧል። በመካከሉ አንድ ቦታ ግን ጣት ሲነካው ይሻክራል፤ ጸሐፊው የተሳሳተውን በካራ ፍቆ በላዩ ደግሞ የጻፈበት ነው። ዝቅ ብሎ የተዘለለች ቃል ከመስመሩ በላይ በቀጭን መቃ ገብታለች። ቀዩ ቀለም በየስሙ ላይ ደምቋል።

«ይህን ሲያርም ጸሐፊው ይከፈለዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለምኑ?»

«ለፋቀው፣ ለጨመረው።»

«የዘለለውን መልሶ ቢያገባ ምን ዋጋ አለው? የራሱ ጥፋት ነው። ባለቤቱ ግን መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ይህንንም ጨምርልኝ፣ ያንንም አግባልኝ ካለ ብራናውንም፣ ቀለሙንም፣ የጸሐፊውን ቀለብም የሚችለው ባለቤቱ ነው። የጸሐፊ ስሕተት ለጸሐፊ፣ የባለቤት ጭማሪ ለባለቤት» አሉና ማኅደሩን መልሰው አሰሩ።

ማስታወሻዬን አውጥቼ እዚያው ጻፍኩት። በአዲስ አበባ ብዙ የውል ረቂቅ አይቻለሁ፤ በሁለት መስመር ይህን ያህል የተናገረ አላየሁም። ባሊስትራው ሲመሽ መጣ፤ ንፋስ መውጫ በሌሊት ገብተን በገብስ እንጀራና በድንች ወጥ ተጽናንተን አደርን። በማግስቱ መሪጌታ በእግር መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ እኔ ወደ ታች ጋይንት በሚወርደው መኪና ተሳፈርኩ።

አርብ ገበያ ስደርስ የመምህሩ ቤት በሰው ተሞልቷል። እሳቸውና ባለቤታቸው አሉ፤ ከስማዳና ከእስቴ የመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ ደብረ ታቦር ጠበቃ የሆነው የእህታቸው ልጅ የፍትሐ ብሔር ሕጉን በብብቱ ይዞ ተቀምጧል። የዋሽንግተኑ ልጅ በስልክ ነው፤ ኔትወርክ ሲገኝ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ለሁሉም ይሰማል፤ ሲጠፋ ሁሉም ቡና ይጠጣል።

መጀመሪያ የተነሣው የገጹ ነገር ነው። የስማዳው ሽማግሌ በመገረም አዩኝ።

«ፊደል እየተቆጠረ ይከፈላል ነው የምትይ?»

መልስ ከመስጠት የመምህሩን ደብተሮች አወጣሁ። ወጣት ሳሉ የጻፉት ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የጻፉት ደግሞ ፊደሉ ትልልቅ ሆኖ በገጹ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ አለው። ሁለቱን ደብተሮች ገልጬ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። «አባቴ፣ ለነዚህ ሁለት ገጾች እኩል ይከፍላሉ?» አልኳቸው። ሽማግሌው ዝቅ ብለው አዩ። ከኔ በፊት የተናገሩት መምህሩ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፈተና ወረቀት በትልልቅ ፊደል የሚሞሉ ተማሪዎችን ያረሙ ሰው ናቸው። «ልጂቱ ልክ ናት፤ ገጽ ይዋሻል» አሉ። 1,200 ምልክት ተጻፈ።

ቀብዱ ላይ ግን ጠበቃ አላስፈለገኝም። «በሬ ስሸጥ ስገዛ ነው ያረጀሁት፤ ቀብድ እኔን አታስተምሩኝ» አሉ የስማዳው ሽማግሌ። ጠበቃው ግን ሕጉን ገልጦ አነበበልን። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውሉ መደረጉን ያስረዳል፤ በ1885 የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከገበያው ወግ ያልተለየ ሕግ ሆኖ አገኙት። እኔም ደስ አለኝ። የከተማ ሰው «ቅድሚያ ክፍያ» ሲባል ውለታ የተጠየቀ ይመስለዋል፤ እዚህ ቀብድ ሲባል ሁለቱም ወገን እንደሚታሰር ማንም አልጠየቀም። አጠቃላይ ዋጋው በሦስት ተከፍሎ አንዱ እጅ በቀብድ እንዲሰጥ ተስማማን።

ጠበቃው ሌላም ነገር አነሣ። «በቁጥር 1719 መሠረት ሕግ በጽሑፍ ይሁን ብሎ ካላዘዘ በቀር በቃል የተደረገም ውል ይጸናል» አለ፣ ወደ አጎቱ እያየ። መምህሩ «እኔም የምለው ይህን ነው!» አሉ። ጠበቃው ራሱ መለሰላቸው፤ «ይጸናል፤ ተካክደው ፍርድ ቤት ከመጡ ግን ምን ተባለ የሚለውን የሚያስረዳ የለም።» የሕግ መጽሐፉ ከ2672 ጀምሮ ስለ ደራሲና አሳታሚ ውል ብዙ ይላል፤ በአርታኢ ስም የቆመ ምዕራፍ ግን የለውም። እኛ ያልጻፍነውን አንቀጽ ከሌላ ቦታ ፈልገን አናገኘውም።

ከዋሽንግተን የመጣው ጥያቄ ከባድ ነበር። ልጁ «እርማቱ እስኪጠራ ድረስ ታዪዋለሽ ብለን እንጻፍ፤ ክፍያውም መጽሐፉ ሲታተም ይሁን» አለ። በክፋት አይደለም፤ እንደ ጥሩ ገዥ መናገሩ ነው። እኔ ግን ሁለቱንም ቃላት አውቃቸዋለሁ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ አንድ አሳታሚ ዘንድ «አሳታሚው እስኪረካ ድረስ» የሚል ውል ቀርቦልኝ፣ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ፈርማበት ነበር። አሳታሚው አልረካም። አንድ ጊዜ ምዕራፍ ይቀያየር ይላል፤ ሌላ ጊዜ ርዕስ ይለወጥ ይላል። ክፍያው መጽሐፉ ሲታተም ነበር፤ መጽሐፉ ሳይታተም ቀረ፤ ሥራው ተሠርቶ ብሩ የለም። ይህን ለልጁ እንዳለ ነገርኩትና የራሴን አቀረብኩ። አንድ ጊዜ አርማለሁ፤ ጥያቄዬን በየገጹ ዳር እጽፋለሁ፤ ደራሲው ይመልሳሉ፤ መልሱን አስገብቼ ዳግመኛ አያለሁ፤ የውስጥ ገጹ ተዘጋጅቶ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ደግሞ የመጨረሻውን እርማት አያለሁ። ሁለተኛው ክፍያ ከሁለተኛው ንባብ በኋላ፤ የመጨረሻው ፋይሉን ሳስረክብ፤ ማተሚያ ቤቱ ይዘግይም ይፍጠንም። ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሲመለስ ልጁ «እሺ፣ እንዲህ ከሆነ ይለካል» አለ።

የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ስንነጋገር አመሸን። የታሪኩ ፍሬ የደራሲው ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው ሥራው ያለ ፈቃዱ እንዳይዛባ መብት ይሰጠዋል፤ እኔም ከዚያ የምጠይቀው የለኝም። ለፊደሉ ግን አንድ መዝገበ ቃላት ይዘን በሱ እንሂድ አልኩ። የደስታ ተክለ ወልድን፣ በ1962 የወጣውን፣ መረጥን። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ስለ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ጀመሩ፤ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡትን ሥራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘው፣ ለደስታ ተክለ ወልድ አደራ ብለው እንዳረፉ፣ ደስታም በ1948 አሳትመው አደራውን እንደ ተወጡ። «አርታኢ ማለት እንዲህ ነው» አሉ፤ ቤቱም ጸጥ ብሎ አዳመጣቸው። በሕይወት ያለ ሰው ስም ግን ባለቤቱ ራሱ እንደሚጽፈው እንዲጻፍ ተስማማን።

ነገሩ የተበላሸው ያለቀ ሲመስል ነው። የእስቴው ሽማግሌ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «የቀሩ ስሞች ናቸው፤ ለነዚህ እንኳ ውል አያስፈልግም፤ ጣል ጣል አድርጊያቸው» አሉኝ። የስማዳው ሽማግሌ ወዲያው የራሳቸውን አወጡ። ከጎረቤት የመጣች ሴትዮ «የኔ አያትስ?» አለች። በአንድ አፍታ ወረቀቱ ተከመረ። አንዱ የሌላውን አያት «እሱ ከኛ አይወለድም» ሲል ድምፅ ከፍ አለ፤ አዋጥቻለሁ ያለው «ብሬን መልሱልኝ» ማለት ጀመረ። በሐረግ መጽሐፍ አንድ ስም ገባ ማለት ከሱ በታች ያለው ሁሉ ይታደሳል፤ የስም ማውጫው ይለወጣል፤ ገጹ ይገፋፋል። ይህን ላስረዳ ብሞክር ማንም አልሰማኝም።

ማስታወሻዬን ገልጬ ጉና ላይ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩ። «የጸሐፊ ስሕተት ለጸሐፊ፣ የባለቤት ጭማሪ ለባለቤት።»

የእስቴው ሽማግሌ ቀና አሉ። በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ። «ይህን ማን ነገረሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እውነት ነው፤ የብራና ወግ ነው» አሉና ወረቀታቸውን መልሰው አጠፉት። «እንግዲህ ባለቤቱ ማነው? እሳቸው ናቸው» ብለው ወደ መምህሩ አመለከቱ። ስም የሚጨመረው በመምህሩ በኩል ብቻ እንዲሆን፣ ከፊርማው ቀን በኋላ የገባው ሁሉ በምልክት ተቆጥሮ ለብቻ እንዲከፈል፣ የኔ ስሕተት ሆኖ የተገኘው ግን መቼም ቢገኝ ያለ ክፍያ እንዲታረም ተጻፈ። የመሪጌታው ቃል እንዳለ የውሉ አንቀጽ ሆነ።

በማግስቱ ልናስተይበው ኮምፒውተር ቤት ሄድን፤ ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ፤ እስከ ማታም አልመጣም። ጠበቃው «በእጅ እንጽፈው» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ በሦስት ቅጂ። ምስክሮቹ ፈረሙ፤ የስማዳው ሽማግሌ በአውራ ጣታቸው አተሙ። የመምህሩ ባለቤት ለመንገዴ ዳቦ ቆርሰው ጠቀለሉልኝ።

ቀብዱ ገባ፤ ሥራው ተጀመረ። በየሳምንቱ ስልክ ይመጣል። «ልጄ፣ ሦስት ስም ብቻ ናት» ይላሉ መምህሩ። እኔ ዋጋውን እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ሁሉንም አስገቡ። እየቆየ ግን ወረቀት ያመጣላቸውን ሰው ራሳቸው መመርመር ጀመሩ፤ ከማን ሰማህ፣ እናቱ ማን ነበረች፣ ማን ይመሰክራል ይላሉ። ከሚመጣላቸው ብዙውን ሳያልፍ ያስቀሩት ጀመር። ሐረጉ እየጠራ የሄደው ያን ጊዜ ነው፤ የኔ እርማት ብቻውን ይህን አያደርገውም ነበር።

ትልቁ ጣጣ ከዋሽንግተን መጣ። ልጁ በጥሩ ልብ ተነሥቶ አሮጌውን ፋይል ከፍቶ አሳምሮ ላከልኝ፤ እኔ ካረምኩት ጋር ሁለት የተለያየ መጽሐፍ ሆነ። ሁለቱን መስመር በመስመር ማስተያየት ነበረብኝ። ሒሳቡን ስልክ «እኔ የጨመርኩት የለም፤ እንዲያውም ቀንሻለሁ» አለ። ነገሩ ወደ አባቱ ሄደ። መምህሩ ስልኩ ላይ ሆነው ውሉን አነበቡለት፤ «መቀነስም ቢሆን ባለቤቱ ነው ያመጣው» አሉት። ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ በምዋዋለው ውል ሁሉ ላይ ፋይሉ በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንደሚቆይ የሚል አንቀጽ አለ።

ፋይሉን ሳስረክብ የወረቀት ዋጋ ንሮ ማተሚያው ቆይቶ ነበር፤ የመጨረሻው ክፍያ ግን በቀኑ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ከወገዳ ስልክ ተደወለልኝ። የስማዳውን ሽማግሌ የሚያውቁ የአንድ ደብር አስተዳዳሪ ናቸው፤ የደብሩን ታሪክ ጽፈዋል። «እንደ ጋይንቱ ውል ይሁንልን» አሉኝ። ቅጂው ከጠበቃው ዘንድ ደርሷቸው አንቀጽ በአንቀጽ አንብበውታል። «ቀብዷን ብቻ ትንሽ ቀንሺልን፤ የገና ጊዜ ነው፤ ምእመናኑም ገና እያዋጡ ነው።» ቀብዱን አልቀነስኩም። ማዋጣቱ እስኪያልቅ ግን ለመጀመሪያው ክፍያ ሁለት ሳምንት ጨመርኩላቸው፤ እሳቸውም ናሙናውን በባለ 50 ሉክ ደብተር ላኩልኝ።